የስህተት መዝገብ የኢሜይል በር፦ ለማን ይከፈት፣ ለማን ይዘጋ?

ሶፍትዌር የሚሠራ ቡድን ሁሉ የስህተት መዝገብ ያስፈልገዋል፤ ባለሙያዎቹ ባግ ትራከር የሚሉት ነው። ተጠቃሚው «ፋይሉን ስከፍተው ፕሮግራሙ ይዘጋብኛል» ብሎ የጻፈው እዚያ ይገባል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ የሚመለከተው ባለሙያ ይረከበዋል። ችግሩ ተፈትቶ እስኪዘጋ ድረስም የተባለውና የተሞከረው ሁሉ በዚያ ቁጥር ሥር ይሰበሰባል። መዝገቡ ሪፖርቱን በኢሜይል የሚቀበል ከሆነ አድራሻው በአደባባይ መገለጥ አለበት። ለተጠቃሚ የተገለጠ አድራሻ ደግሞ ስፓም ለሚበትነውም የተገለጠ ነው። ስለዚህ መዝገቡን የሚያስተዳድረው ሰው ሁለት ጥያቄ ተያይዘው ይቀርቡለታል፦ የመጣው ደብዳቤ ወዴት ይሂድ? የትኛውስ ከበር ይመለስ?

ብዙዎች ሁለቱን ጥያቄዎች ለየብቻ ያዩአቸዋል። ደብዳቤውን አቅጣጫ ማስያዙን ለሰርቨር ባለሙያው፣ ማጣራቱን ለማጣሪያ ፕሮግራሙ ትተው ይቀመጣሉ። እኔ ግን ሁለቱ አንድ ሥራ ናቸው እላለሁ። አድራሻዎቹ በደንብ ከተከፋፈሉ የማጣሪያው ሸክም ይቀላል፤ ከተደበላለቁ የትኛውም ማጣሪያ አይበቃም። አንድ ነገር ደግሞ ከሁሉ ይቀድማል። ገብቶ የተገኘ ስፓም በአንድ ጠቅታ ይሰረዛል፤ ሳይታይ የተጣለ እውነተኛ ሪፖርት ግን መጥፋቱን እንኳ የሚያውቅ የለም። ከዚህ በታች የሚነሳውን እያንዳንዱን ዘዴ የምመዝነው በዚህ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ደቢያን ያቆመው ሥርዓት

ጉዳዩን ለማየት ከደቢያን የተሻለ መነሻ አላውቅም። ደቢያን በ1993 ኢያን መርዶክ የመሠረተው፣ በልዩ ልዩ አገር ያሉ በጎ ፈቃደኞች የሚሠሩት የሊኑክስ ስርጭት ነው። በ1994 ሌላው ኢያን፣ ኢያን ጃክሰን፣ ዴብባግስ የተባለውን የስህተት መዝገብ ጻፈለት። ይህ መዝገብ ዛሬም የሚሠራው በኢሜይል ነው። ድረ ገጹ በዋናነት ለማንበብ ያገለግላል፤ ሪፖርት ማቅረብም ሆነ መመለስ የፈለገ ኢሜይል ይልካል። አካውንት መክፈት የለም፣ የይለፍ ቃል የለም። በዚህ አኳኋን በ2021 የሪፖርቶቹ ቁጥር አንድ ሚሊዮን ደረሰ።

አዲስ ሪፖርት «ሰብሚት» ወደሚባለው አድራሻ ይላካል። በደብዳቤው መጀመሪያ ላይ ችግሩ የታየበት ፓኬጅ ስም፣ ቀጥሎም ስሪቱ ይጻፋል። ፕሮግራሙ ቁጥር ይሰጥና መድረሱን ለላኪው ያሳውቃል፤ ቅጂውንም ለፓኬጁ ኃላፊ ያደርሳል። ከዚያ ወዲያ ቁጥሩ ራሱ አድራሻ ይሆናል። በቁጥሩ ስም የተላከው ሁሉ እዚያው መዝገብ ይገባል። ከቁጥሩ ኋላ «ደን» የሚል ቅጥያ ከተጨመረ ጉዳዩ ይዘጋል፤ «ሰብሚተር» ከተጨመረ ደብዳቤው ለመጀመሪያው ሪፖርት አቅራቢ ይደርሳል፤ «ኳየት» ከተጨመረ ተመዝግቦ ይቀመጣል እንጂ ለፓኬጁ ኃላፊ አይላክም። «ኮንትሮል» የተባለው አድራሻ ደግሞ ትዕዛዝ ይቀበላል፦ የክብደት ደረጃ መቀየር፣ ሪፖርቱን ወደ ሌላ ፓኬጅ ማዛወር፣ ሁለቱን አንድ ማድረግ። ትዕዛዝ ሰጪው ማን እንደሆነ አይጠየቅም። ማንም የማንንም ሪፖርት መዝጋት ይችላል፤ የተደረገው ሁሉ በግልጽ ስለሚመዘገብ ደግሞ ያለ አግባብ የተዘጋ መልሶ ይከፈታል። ይህ መተማመን ከሠላሳ ዓመት በላይ መዝለቁ ትልቅ ነገር ነው።

የቁጥሩን ክብደት ለመረዳት የመሥሪያ ቤት መዝገብ ቤትን ማሰብ ይበቃል፤ የገባ ደብዳቤ ቁጥር ካልተሰጠው አልመጣም ማለት ነው፣ ቁጥር ካገኘ ግን በማን እጅ እንዳለ ይጠየቃል። ዴብባግስ ውስጥ አንድ የታወቀ ወጥመድ የሚነሳውም ከዚህ ነው። አንድ ሰው አዲስ ሪፖርት ሲልክ ለባልደረባው ግልባጭ ቢያደርግ፣ ባልደረባው የሚያገኘው ደብዳቤ ገና ቁጥር የለውም። እሱ ደግሞ «ለሁሉም መልስ» የሚለውን ተጭኖ ሲመልስ መልሱ እንደገና «ሰብሚት» ዘንድ ይደርሳል፤ እዚያም እንደ አዲስ ሪፖርት ይታያል። ሦስትና አራት ሰው ቢነጋገር አንዱ ስህተት በብዙ ቁጥር ይበታተናል። መፍትሔው ማጣሪያ አይፈልግም። ግልባጭ የሚደርሰው ሰው «ኤክስ-ዴብባግስ-ሲሲ» በሚባል የተለየ የራስጌ መስመር ይጻፋል፤ መዝገቡ መጀመሪያ ቁጥሩን ይሰጥና ከዚያ ግልባጩን ራሱ ይልካል። ቅደም ተከተሉ ሲስተካከል ችግሩ ይወገዳል።

ሌሎቹ በሌላ መንገድ ሄዱ። በ1998 ኔትስኬፕ ውስጥ በቴሪ ዋይስማን የተጀመረው ባግዚላ ከመነሻው ድረ ገጽና አካውንትን መሠረት ያደረገ ነው፤ ኢሜይል መቀበል በኋላ የታከለ የጎን በር ነው። ጄሲ ቪንሰንት በ1996 የጀመረው ሪኩዌስት ትራከር ደግሞ ለእያንዳንዱ የሥራ ወረፋ ሁለት አድራሻ ይሰጣል፤ አንዱ ለጠያቂው የሚደርስ መልስ፣ ሌላው በባለሙያዎቹ መካከል ብቻ የሚቀር አስተያየት። ያልተመዘገበ ሰው አዲስ ጥያቄ መክፈት ይችል ዘንድ አስተዳዳሪው ለእያንዳንዱ ወረፋ ፈቃድ ይሰጣል። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ይገባል። ሁለቱ አድራሻዎች በሰርቨሩ ላይ ከተለዋወጡ ለውስጥ የተጻፈው ለደንበኛው ይደርሳል። ማዋቀሩ ሲያበቃ መጀመሪያ መፈተሽ ያለበት ይህ ነው።

ቁጥሩ የት ይቀመጥ?

መልስ ሲመጣ የየትኛው ሪፖርት እንደሆነ ለማወቅ ሦስት ቦታ ይታያል፦ የደብዳቤው ርዕስ፣ የራስጌው መስመሮች፣ ወይም አድራሻው ራሱ።

ርዕስ ላይ በቅንፍ የተቀመጠ ቁጥር ለሰው ዓይን ግልጽ ነው፤ ሪኩዌስት ትራከር የሚሠራው በዚህ ነው። ነገር ግን ሰው ርዕስ ይቀይራል፣ ይቆርጣል፣ ከሌላ ደብዳቤ ይገለብጣል። የራስጌ መስመሮቹ የተሻለ እምነት ይጣልባቸዋል። ደብዳቤ ሁሉ «ሜሴጅ-አይዲ» የሚባል የራሱ መለያ አለው፤ መልስ ሲጻፍ የቀደመው መለያ «ኢን-ሪፕላይ-ቱ» እና «ሬፈረንስስ» በሚባሉት መስመሮች ይከተላል። ደካማ ጎኑ ደብዳቤው ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው በእጅ ሲገለበጥ ክሩ መበጠሱ ነው።

ሦስተኛው፣ ማለትም በአድራሻው ውስጥ ማስቀመጥ፣ ለእኔ ከሁሉ ይሻላል። ከስሙ ቀጥሎ የመደመር ምልክት፣ ከምልክቱ ቀጥሎ ቁጥሩ ወይም ምስጢራዊ መለያው ይገባል። ፖስትፊክስና ኤግዚም የተባሉት የታወቁ የኢሜይል ሰርቨሮች ይህን በአንድ ሁለት መስመር ማዋቀሪያ ይቀበላሉ። ጉግል የሊኑክስን ከርነል ለመፈተሽ ያቆመው ሲዝቦት ላገኘው ስህተት ሁሉ የተለየ መለያ ያለው አድራሻ ያወጣል፤ ባለሙያው ለዚያ አድራሻ በመመለስ «ተስተካክሏል» የሚለውን ትዕዛዝ ይሰጣል። የፕሮግራም ኮድ ማስቀመጫ የሆኑት ጊትሀብና ጊትላብም ለማሳወቂያዎቻቸው የሚላክ መልስን በዚሁ መንገድ ይለያሉ። የእነሱ መለያ ግን ተራ ቁጥር ሳይሆን ለአንድ ሰው የተሰጠ ምስጢር ነው። ማሳወቂያውን ለሌላ ሰው ያስተላለፈ፣ በስሙ የሚጻፍበትን ቁልፍ አብሮ ሊያስተላልፍ ይችላል። ይህን ለሠራተኞቹ የሚያስረዳ ድርጅት ጥቂት ነው።

ተራ ቁጥርም የራሱ ጣጣ አለው። አድራሻው ከአንድ እስከ ሚሊዮን በተከታታይ የሚሄድ ከሆነ ስፓም የሚልከው ሰው መፈለግ አያስፈልገውም፤ መቁጠር ይበቃዋል። ከዓመታት በፊት የተዘጉ ሪፖርቶች ሳይቀሩ የስፓም ማረፊያ ይሆናሉ። ስለዚህ ለተዘጋና ለቆየ ቁጥር የሚመጣ ደብዳቤ ከክፍት ሪፖርት ይልቅ ጠበቅ ባለ ወሰን መመዘን አለበት። በዶሜይኑ ስም የተላከውን ሁሉ፣ ስሙ ይኑርም አይኑር፣ ወደ መዝገቡ የሚያፈስ አወቃቀር ደግሞ ጨርሶ አይመከርም። በመዝገበ ቃላት ስም እየገመቱ የሚልኩት ሁሉ ሪፖርት ይሆናል።

በ2017 ቤልጂየማዊው የደህንነት ተመራማሪ ኢንቲ ደ ኩከላይረ ያሳየው ነገር ለዚህ ክፍል ዋነኛው ትምህርት ነው። አንዳንድ የሥራ መገናኛ አገልግሎቶች በድርጅቱ ዶሜይን ኢሜይል ያለውን ሰው ሁሉ ሠራተኛ ነው ብለው ያስገባሉ። ጊትላብ ደግሞ በዚያን ጊዜ ለማንኛውም ተጠቃሚ፣ ሪፖርት በኢሜይል የሚከፍትበት፣ በራሱ ዶሜይን ላይ የሆነ አድራሻ ይሰጥ ነበር። ተመራማሪው በዚያ አድራሻ በድርጅቱ የሥራ መገናኛ ላይ ተመዘገበ፤ የማረጋገጫው ደብዳቤ ሪፖርት ሆኖ በገዛ ገጹ ላይ ወጣለት፤ አገናኙን ተጭኖ ገባ። ከዚህ የሚወጣው ደንብ ግልጽ ነው። የስህተት መዝገብ አድራሻ ሠራተኞች ከሚጠቀሙበት ዶሜይን ጋር አንድ መሆን የለበትም፤ የራሱ ንዑስ ዶሜይን ይሰጠው።

የደህንነት ቀዳዳ የሚጠቁም ሰው ደግሞ ለብቻው አድራሻ ሊኖረው ይገባል። በ1997 የወጣው የኢንተርኔት ደንብ ሰነድ አር.ኤፍ.ሲ. 2142 «ሴኩሪቲ»፣ «አቢዩዝ» እና «ፖስትማስተር» የሚሉትን የተለመዱ ስሞች ዘርዝሯል። ወደነዚህ የሚመጣውን ሰው ያንብበው። ማጣሪያው ምልክት ማድረግ ይችላል፣ መጣል ግን አይፈቀድለት። የደህንነት ሪፖርት ብዙ ጊዜ አደገኛውን ፋይል አባሪ አድርጎ የሚመጣ ነው፤ ለማጣሪያ ከዚህ የከፋ አጠራጣሪ ደብዳቤ የለም።

ማሽን ለማሽን ሲመልስ

መዝገቡ «ደርሶናል» ብሎ ራሱ ይመልሳል። ላኪው እረፍት ላይ ከሆነ የእሱም ሳጥን «እስከ ሰኞ የለሁም» ብሎ ይመልሳል። መዝገቡ ይህንን አዲስ ደብዳቤ ነው ብሎ እንደገና ከመለሰ፣ ሁለቱ ማሽኖች ሌሊቱን ሙሉ ሲጻጻፉ ያድራሉ። መከላከያው ከተጻፈ ቆይቷል። በ2004 የወጣው አር.ኤፍ.ሲ. 3834 ማሽን የጻፈው ደብዳቤ «ኦቶ-ሰብሚትድ» የሚል የራስጌ መስመር እንዲይዝ ይጠይቃል። ይህ ምልክት ላለበት፣ እንዲሁም የላኪው መመለሻ አድራሻ ባዶ ለሆነ ደብዳቤ፣ መዝገቡ በፍጹም መልስ መስጠት የለበትም። ደንቡን የማያከብሩ ሳጥኖች ስላሉ ሁለተኛ አጥር ያስፈልጋል፦ መዝገቡ በራሱ ደብዳቤዎች ላይ የራሱን ምልክት ያኑር፣ ተመልሶ ሲመጣም ይወቀው፤ ለአንድ አድራሻ በአንድ ሰዓት የሚላከው ራስ ሠር መልስም ወሰን ይበጅለት።

ከበሩ ላይ

ኢሜይል ላኪውን ሳያጣራ የሚያምን ሥርዓት ሆኖ ተወለደ። ጆን ፖስተል በ1982 ያወጣው የኤስ.ኤም.ቲ.ፒ. ደንብ ላኪው ነኝ ያለውን ሆኖ መገኘቱን የሚያረጋግጥበት መንገድ አልነበረውም። ያልተጠየቀ ማስታወቂያ ግን ከዚያም ይቀድማል። በግንቦት 1978 የዲጂታል ኢኩዊፕመንት ባልደረባ የሆነው ጋሪ ቱርክ ለአርፓኔት ተጠቃሚዎች የላከው የኮምፒውተር ማስታወቂያ የመጀመሪያው ስፓም ተብሎ ይጠቀሳል።

የመከላከያው የመጀመሪያ ንብርብር ደብዳቤው ሳይነበብ፣ ሰርቨር ከሰርቨር ሲገናኝ የሚሠራው ነው። በ1998 የተመሠረተው ስፓምሃውስ የታወቁ የስፓም ምንጮችን ዝርዝር ያወጣል፤ ሰርቨሩ ዝርዝሩን አይቶ ግንኙነቱን ይዘጋል። በ2003 ኢቫን ሃሪስ ያቀረበው ግሬይሊስቲንግ ደግሞ የማያውቀውን ላኪ «ለጊዜው አልችልም፣ ቆይተህ ሞክር» ይለዋል። መደበኛ ሰርቨር ቆይቶ ይመለሳል፤ የስፓም ፕሮግራም ብዙውን ጊዜ አይመለስም። ለስህተት መዝገብ ይህ ዘዴ ተስማሚ ነው፤ ሪፖርት በጥቂት ደቂቃ ቢዘገይ የሚጎዳ የለም። ትልልቅ የኢሜይል አገልግሎቶች ሁለተኛውን ሙከራ ከሌላ ሰርቨር ስለሚያደርጉ ግን እነሱን አስቀድሞ ከዚህ ነጻ ማድረግ ያስፈልጋል። አለዚያ እውነተኛው ሪፖርት በሰዓታት ይዘገያል።

አስተዳዳሪዎች ደጋግመው የሚሳሳቱት ግን እምቢታው በሚሰጥበት ጊዜ ላይ ነው። ደብዳቤን መከልከል የሚገባው ግንኙነቱ ሳይዘጋ፣ ላኪው ሰርቨር መልስ በሚጠብቅበት ቅጽበት ነው። በዚያን ጊዜ የተሰጠ እምቢታ ለላኪው ሰርቨር ይደርሳል፣ እሱም ለጻፈው ሰው ያሳውቃል። ያለ ጥፋቱ የተከለከለ ሰው ነገሩን አውቆ በሌላ መንገድ ይሞክራል። ተቀብሎ ከቆየ በኋላ «አልተቀበልንም» የሚል ደብዳቤ መላክ ግን ሌላ ነገር ነው። የስፓም ላኪ አድራሻ ብዙውን ጊዜ የተሰረቀ ስለሆነ ማሳወቂያው ነገሩን ጨርሶ ለማያውቅ ሰው ይደርሳል፤ መዝገቡም ራሱ ስፓም በታኝ ይሆናል። «ደርሶናል» የሚለው ራስ ሠር መልስም በዚሁ ምክንያት የሚላከው የማጣሪያውን ፈተና ላለፈ ደብዳቤ ብቻ መሆን አለበት። ተቀብሎ ዝም ብሎ መጣል ደግሞ ከሁለቱም የከፋ ነው። ሪፖርት አቅራቢው እንደደረሰለት ያምናል፣ ባለሙያው እንዳልመጣ ያምናል።

ሌላም ቀዳዳ አለ። ዋናው ሰርቨር ሲቆም እንዲተካ የተቀመጠው መጠባበቂያ ሰርቨር አብዛኛውን ጊዜ ያው ማጣሪያ የለውም፣ የትኛው አድራሻ እንዳለና እንደሌለም አያውቅም። ስፓም የሚበትኑት ይህን አውቀው ሆን ብለው ወደ እሱ ይልካሉ። መጠባበቂያው እንደ ዋናው ካልተዋቀረ ባይኖር ይሻላል፤ ላኪ ሰርቨሮች ለቀናት ደጋግመው ስለሚሞክሩ ጥቂት ሰዓት መቆም ደብዳቤ አያጠፋም።

ይዘቱን መመዘን

ጀስቲን ሜሰን በ2001 ያወጣው ስፓምአሳሲን ደብዳቤውን በብዙ ደንቦች ይፈትሻል፤ ለእያንዳንዱ ነጥብ ሰጥቶ ይደምራል። ሳይነካ ከተተወ 5 ነጥብ የደረሰውን ስፓም ይለዋል። ዴብባግስም የሚያጣራው በዚህ ፕሮግራም ነው። ፖል ግራሃም በ2002 ባሳተመው ጽሑፍ ደግሞ ማጣሪያው ከራሱ ባለቤት ደብዳቤዎች ቃላትን እየቆጠረ እንዲማር ሐሳብ አቀረበ። እውነተኛን ደብዳቤ ስፓም ማለት ስፓም ከማሳለፍ እጅግ የከፋ ጥፋት መሆኑንም አጥብቆ ተናገረ፤ የስህተት መዝገብ የሚመሩ ሰዎች ከሁሉ በፊት ሊይዙት የሚገባው ይህን ነው።

ምክንያቱም የስህተት ሪፖርት በመልኩ ስፓም ይመስላል። በቁጥርና በምልክት የታጨቀ፣ ፕሮግራሙ ያወጣውን የስህተት መልእክት ቅጂ ይይዛል፣ ብዙ አገናኝ ይዘረዝራል፣ የታመቀ ፋይል ያያይዛል፤ ሐሳቡን በአንድ መስመር እንግሊዝኛ ጨርሶ የቀረውን በምስል የሚያሳይም አለ። የኢሜይል ፕሮግራም ላይ ያለን ስህተት የሚያመለክት ሰው ችግሩን ያስነሳበትን ስፓም ራሱን አባሪ አድርጎ ይልካል። ከገበያ እንደመጣ የተተከለ ማጣሪያ ይህን ሁሉ አይለይም። ስለዚህ ማጣሪያው ከመዝገቡ ከራሱ ደብዳቤዎች መማር አለበት። የስፓምአሳሲን የቃላት ትምህርት ሥራ የሚጀምረው ቢያንስ 200 ስፓምና 200 እውነተኛ ደብዳቤ ሲያይ ነው፤ ለማንኛውም የቆየ መዝገብ ይህ ከባድ አይደለም። ዋናው ነገር ሁለቱ ክምር በሰው እጅ መለየቱ ነው።

አንድ ወሰን ለሁሉም አድራሻ መስጠትም ስንፍና ነው። በምስጢራዊ መለያ የመጣ መልስ ብዙ ማጣራት አይፈልግም፤ ላኪው ቀድሞ ከመዝገቡ ጋር ተጻጽፏል። የትዕዛዝ አድራሻው ከታወቁት ትዕዛዞች ውጪ የሆነውን ስለማይፈጽም በራሱ የታጠረ ነው። ለአዲስ ሪፖርት የተከፈተው አድራሻ ግን ሁሉ የሚጎርፍበት ስለሆነ ሦስት መደብ ይፈልጋል፦ የሚገባ፣ ከበር የሚመለስ፣ በመካከል ያለ። አርስፓምዲ የተባለው አዲስ ትውልድ ማጣሪያ ይህን አካሄድ ከነወሰኑ ይዞ ይመጣል፤ እሱ ውስጥ ካልተቀየረ በስተቀር ደብዳቤ የሚከለከለው 15 ነጥብ ሲደርስ ነው፣ ከዚያ በታች ያለው አጠራጣሪ ደብዳቤ ምልክት ተደርጎበት ያልፋል። የፓኬጅ ስም በመጀመሪያው መስመር ላይ መጠየቅም፣ ዴብባግስ እንደሚያደርገው፣ ምንም ገንዘብ ሳያስወጣ ብዙ ስፓም ይለያል።

በመካከል ላለው ለይቶ ማቆያ ያስፈልጋል፤ ለይቶ ማቆያ ደግሞ ሰው ያስፈልገዋል። የግኑ ፕሮጀክት በዴብባግስ ላይ ባቆመው መዝገብ ከማይታወቅ ላኪ የመጣ የመጀመሪያ ደብዳቤ በፈቃደኞች እስኪታይ ሊቆይ ይችላል። ደቢያን ደግሞ ወዲያው እያስገባ፣ ስፓም ያየ አንባቢ ከገጹ ላይ በጠቅታ እንዲጠቁም ያደርጋል። የመጀመሪያው ንጹሕ ነው፣ ሆኖም ፈቃደኞቹ ሲደክሙ ሪፖርት ይከማቻል። ሁለተኛው ገጹን አልፎ አልፎ ቢያቆሽሽም ሪፖርት አያዘገይም። ምረጥ ብባል ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

የሚወጣው ደብዳቤ

ስለ መቀበል ስንነጋገር የሚረሳው መላኩ ነው። አንድ ሪፖርት ሲገባ መዝገቡ ለብዙ ባለሙያዎች ያሰራጫል። ቀድሞ ይህ የሚደረገው በሪፖርት አቅራቢው ስም ነበር። ኤስ.ፒ.ኤፍ.፣ ዲኪምና ዲማርክ የተባሉት የላኪ ማረጋገጫዎች ሲመጡ ነገሩ ተለወጠ። በሚያዝያ 2014 ያሁ በስሙ የሚላክ፣ ማረጋገጫውን ያላለፈ ደብዳቤ እንዲከለከል አወጀ፤ በዚያን ሰሞን የያሁ ተጠቃሚዎችን ደብዳቤ በስማቸው ያሰራጩ የነበሩ የቡድን አድራሻዎች ሁሉ ተቸገሩ። ዛሬ መዝገቡ በራሱ ስም እየላከ የጸሐፊውን ስም በማሳያው ላይ ቢያስቀምጥ ይሻላል።

በየካቲት 2024 ጉግልና ያሁ ደንቡን ይበልጥ አጠበቁት። በቀን 5,000 እና ከዚያ በላይ ደብዳቤ ወደ ጂሜይል የሚልክ ሦስቱንም ማረጋገጫዎች እንዲያሟላ፣ የስፓም አቤቱታውም ከ0.3 በመቶ በታች እንዲሆን ተጠየቀ። የበዛ ማሳወቂያ የሚልክ ትልቅ መዝገብ ይህን ቁጥር ሊደርስበት ይችላል። ከዚህ ጋር የሚያያዘውን ልብ ማለት ይገባል። ሳይጣራ የገባ ስፓም ለባለሙያዎቹ ሲሰራጭ እነሱ በየሳጥናቸው «ስፓም» ብለው ይጠቁማሉ፤ ጥፋቱ የሚጻፈው ግን በመዝገቡ ዶሜይን ላይ ነው። ጥቂት ሳምንት እንዲህ ከሄደ እውነተኛው ማሳወቂያም መድረስ ያቆማል።

በአማርኛ የተጻፈው ሪፖርት

የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የገባው በ1999፣ በ3.0 ስሪት ነው። ከዚያ ወዲህ በፊደላችን ላይ የሚታዩ ስህተቶች፣ ለምሳሌ የቁልፍ ሰሌዳ፣ የፎንት፣ የፊደል ተራ አሰላለፍ ችግሮች፣ በአማርኛ ናሙና ተደግፈው ይላካሉ። ያለ ናሙናው ባለሙያው ምንም አያይም። ማጣሪያዎች ግን ይህን ደብዳቤ ሲያገኙ ይደናገራሉ። ስፓምአሳሲን የደብዳቤውን ቋንቋ የሚገምት ተጨማሪ ክፍል አለው፤ አማርኛንም ያውቃል። ሳይነካ ከተተወ ሁሉንም ቋንቋ ይቀበላል። አስተዳዳሪው «እንግሊዝኛ ብቻ» ብሎ ካዘዘው ግን የአማርኛው ደብዳቤ በቋንቋው ብቻ ነጥብ ይቆጠርበታል። ኢየሩሳሌም ወይም ዋሽንግተን ተቀምጦ ለአንድ ዓለም አቀፍ ፕሮግራም ሪፖርት የሚልክ የእኛ ሰው ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

የቃላት ትምህርቱም ችግር ነበረበት። በዩ.ቲ.ኤፍ.-8 አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። በቀደሙት የስፓምአሳሲን ስሪቶች ከ15 ባይት የረዘመ እንዲህ ያለ ቃል እንደ ቃል አይያዝም፣ በሁለት በሁለት ባይት ይቆራረጥ ነበር። ስድስት ፊደል ያለው የአማርኛ ቃል ወሰኑን አልፏል ማለት ነው፤ ማጣሪያው የሚማረው ትርጉም የሌለው ስባሪ ነበር። በ2022 መጨረሻ የወጣው 4.0 ስሪት የዩኒኮድን አያያዝ አሻሽሏል፤ አሮጌውን የሚጠቀሙ ሰርቨሮች ግን አሁንም አሉ። ርዕሱም ቢሆን በአማርኛ ሲጻፍ ወደ ኮድ ተለውጦ ነው የሚጓዘው፤ ጥሬውን የራስጌ መስመር ብቻ የሚያይ ደንብ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ይታየውና ስፓም ነው ይላል።

የኢሜይልን በር ጨርሰው ዘግተው በአካውንት ብቻ የሚቀበሉ ብዙ ፕሮጀክቶች አሉ፤ ከስፓም ጋር መታገል ሰልችቷቸው ነው፣ አልፈርድባቸውም። ግን ዋጋ አለው። ኢሜይል ያለ ኢንተርኔት ተጽፎ፣ ኔትወርክ ሲመጣ በራሱ ይሄዳል። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ ላለ ሰው አካውንት ከፍቶ፣ ኮድ ጠብቆ፣ ረጅም ቅጽ መሙላት የመጨረሻ ተስፋ መቁረጫ ነው። እንዲህ ያለው ሰው የሚያገኛቸውን ስህተቶች፣ ማለትም ደካማ መስመር ላይና አሮጌ ስልክ ላይ የሚታዩትን፣ ሌላ ማንም አያመለክትም። በሩ ተከፍቶ ይቆይ የምለው ስለዚህ ነው።

እንዲህ ያለ መዝገብ የምታስተዳድሩ ሁሉ፣ ማጣሪያችሁን ከማጥበቃችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። መዝገባችሁ ከማያውቀው የውጭ አድራሻ፣ በአማርኛ የተጻፈ፣ የስህተት መልእክት ቅጂና የታመቀ ፋይል ያለበት ሪፖርት ላኩ። ቁጥር ካገኘ መልካም። ካላገኘ በለይቶ ማቆያው ውስጥ ፈልጉት፤ እዚያም ከሌለ ለላኪው የእምቢታ መልስ መድረሱን እዩ። ሁለቱም ከሌሉ መዝገባችሁ ሪፖርት እየዋጠ ነውና ሌላውን ሁሉ ትታችሁ ይህን አስተካክሉ።